ምዕራፍ ስድስት፦ ደርሶ መልስ ስጦታ

በቻይና የሠርግ አዳራሽ በር ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አይጠፋም። ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ብዙውን ጊዜ አጎት፣ የአክስት ልጅ ወይም ቤተሰቡ በገንዘብ የሚያምናቸው የቅርብ ወዳጆች ናቸው። እንግዳው ሲደርስ ቀይ ፖስታውን በሁለት እጁ ያቀርባል። አንደኛው ተቀብሎ በብዙ ቦታ እዚያው ከፍቶ ይቆጥራል፤ ሌላኛው ቀይ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ የሰጪውን ስምና የገንዘቡን መጠን ያሰፍራል። በአንዳንድ ገጠሮች ጽሕፈቱ ዛሬም በብሩሽና በጥቁር ቀለም ነው፤ ለዚሁ ሲባል የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሽማግሌ ተፈልጎ ይጠራል።

ስጦታው በሰጪው ፊት ተቆጥሮ መጻፉን እዚያ ማንም አያፍርበትም። ደብተሩ ከሠርጉ ፎቶግራፍ ባላነሰ ጥንቃቄ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ከዐሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ያ እንግዳ ልጁን ሲድር ደብተሩ ይወጣል፤ ያኔ ምን ያህል እንደሰጠ ይታያል፤ የኑሮው ውድነት ታስቦ፣ ትንሽ ተጨምሮበት ይመለስለታል። ልክ ያንኑ መመለስ ሒሳብ ዘግቶ መለያየት ይመስላል። አሳንሶ መመለስ ደግሞ ስድብ ነው። ዕቁብ ገብቶ የሚያውቅ አንባቢ አካሄዱ አይጠፋውም፦ ሁሉም ያዋጣል፣ ተራው የደረሰው ይሰበስባል። የቻይናው ግን ዳኛ የለውም፤ ዙሩ ሠላሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ተራውን የሚያስጠብቁት ይሉኝታና ያ ቀይ ደብተር ብቻ ናቸው።

ያን ዩንሺያንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በእነዚህ ደብተሮች ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ያን በ1970ዎቹ (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገና ወጣት ሳለ፣ በሰሜን ምሥራቋ የሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር ሺያጂያ በምትባል መንደር በገበሬነት ኖሯል። በኋላ አሜሪካ ሃርቫርድ ተምሮ ወደዚያችው መንደር ተመለሰና የገበሬዎቹን የስጦታ መዝገብ ቤት ለቤት እየዞረ አጠና። «የስጦታ ፍሰት» የተሰኘው መጽሐፉ በ1996 ታተመ። መዝገቦቹ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን አዲስ ወዳጅ እንዳፈራ ከማንኛውም የመንግሥት ሰነድ ይልቅ አጥርተው የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ።

ይህን ምዕራፍ ከደብተሩ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቻይና ሠርግ ስጦታ ዓይነቱ ብዙ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ በዚያ ሁሉ መካከል ግን ሳይለቁ ሊከተሉት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። የተሰጠው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚመለስ ከሆነ፣ ለማን? ዛሬ የቻይና መንግሥትንና ፍርድ ቤቶችን ያስጨነቀው የጥሎሽ ነገር የሚፈታው በዚህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ የእንግዶቹን ፖስታ እንጨርስ። ፖስታው ሆንግባኦ ይባላል። ቀዩ ቀለም የደስታ ነው፤ በነጭ ፖስታ ገንዘብ የሚሰጠው ለቀብር ነው። ኖቶቹ አዲስና ያልተጨማደዱ መሆን ይገባቸዋል። ለሠርግ ተጋማሽ ቁጥር ይመረጣል፤ ጎዶሎው ለሐዘን ነው። አራት ቁጥር በድምፁ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ 400 ዩዋን የሚሰጥ ሰው የለም፤ ስምንት ከብልጽግና ጋር ስለሚገጥም 800 ወይም 888 የሚሰጥ ብዙ ነው። 250 ተጋማሽ ቢሆንም ሰውን ሞኝ ብሎ መስደቢያ ስለሆነ አይታሰብም። ከዕቃ ደግሞ የግድግዳና የጠረጴዛ ሰዓት መስጠት ክልክል ነው፤ «ሰዓት መስጠት» ሲባል የሟችን የመጨረሻ ሰዓት መጠበቅ ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ አለው። ጃንጥላም ከመበታተን ጋር በድምፅ ስለሚገናኝ ለሙሽሮች አይሰጥም።

ከ2014 ወዲህ ቀዩ ፖስታ ስልክ ውስጥም ገብቷል። ዊቻት በዚያ ዓመት በቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ ያስጀመረው የዲጂታል ሆንግባኦ አገልግሎት በጥቂት ቀናት ውስጥ አገር አዳረሰ። አንዱ ፖስታ የሚይዘው በአብዛኛው እስከ 200 ዩዋን ብቻ ስለሆነ፣ ለሠርግ የሚልክ ሰው በቀጥታ ያስተላልፋል ወይም በሩ ላይ በተለጠፈው ኮድ ይከፍላል። ደብተሩ ግን አልቀረም፤ በስልክ የገባውም በእጅ ይጻፋል።

በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ደጋሹ ፖስታውን ይቀበልና ጫፉን አጠፍ አድርጎ፣ ገንዘቡን ሳይነካ፣ ለእንግዳው መልሶ ይሰጠዋል። የታጠፈችው ጫፍ «ተቀብያለሁ፣ ምርቃትህ ደርሶኛል» ማለት ናት። ከሰሜን የመጣ እንግዳ ገንዘቡ ሲመለስለት የተጣላ ይመስለዋል፤ ለአካባቢው ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የለም።

በዕለቱ የሚሰጠው ገንዘብ በእንግዶች አያበቃም። ጠዋት ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይዘጋሉ፤ በበሩ ሥር ቀይ ፖስታ እስኪሾልክ አይከፈትም። ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን የሻይ ሥርዓቱ ነው። ሙሽሮቹ በወላጆችና በአያቶች ፊት ተንበርክከው ወይም ጎንበስ ብለው ሻይ ያቀርባሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙሽራዋ የባሏን አባትና እናት «አጎቴ፣ አክስቴ» እያለች ነበር የምትጠራቸው። ሲኒውን በሁለት እጇ ስታቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ፣ ሻይ ይጠጡ»፣ «እማዬ፣ ሻይ ይጠጡ» ትላለች። እነርሱም ፉት ብለው ቀይ ፖስታ ያስጨብጧታል፤ በደቡብ ቻይና የወርቅ አምባርም በእጇ ላይ ያጠልቁላታል። ይህ ገንዘብ የራሱ ስም አለው፦ አጠራር የመለወጫ ገንዘብ ነው። ሙሽራውም ለእርሷ ወላጆች እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ወገን ይሰጣል፣ ሁለቱም ወገን ልጅ ያገኛል፤ በዚህ ልማድ ያዘነ ቻይናዊ አላጋጠመኝም።

ችግሩ ያለው ከሠርጉ ዕለት በፊት በሚያልፈው ገንዘብ ላይ ነው።

የሙሽራው ቤተሰብ ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚያስገባውን ቻይናውያን ጻይሊ ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር ጥሎሽ ነው። ልማዱ እጅግ ጥንታዊ ነው። ዪሊ የተባለው የጥንት የሥርዓት መጽሐፍ የባላባት ልጅ ጋብቻ የሚያልፍባቸውን ስድስት ደረጃዎች ይዘረዝራል። ከስድስቱ በአምስቱ የሙሽራው ወገን ይዞ የሚሄደው የዱር ዝይ ነው። ዝይ ወቅት ጠብቃ የምትሄድና የምትመለስ፣ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር የምትኖር ወፍ ናት ተብሎ ስለሚታመን ለጋብቻ ተመረጠች። በአራተኛው ደረጃ ላይ ብቻ ዝይ ይቀርና ጥቁርና ቀይ ሐር ከሁለት የአጋዘን ቆዳ ጋር ይገባል፤ ውሉ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው። ለዛሬው ጥሎሽ አባቱ ያ ሐር ነው።

በሆንግ ኮንግና በጓንግዶንግ ይህ ሥርዓት እስካሁን በሙሉ ክብሩ ይከናወናል። ከሠርጉ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት፣ ቀን ተቆጥሮና ሰዓት ተመርጦ፣ ኮኮናት በጥንድ፣ የሻይ ቅጠል፣ የደረቀ የባሕር ምግብ፣ ዘንዶና ፊኒክስ የተሣለባቸው ሻማዎች፣ በሣጥን የታሸገ የሠርግ ኬክና በፖስታ ያለ ገንዘብ በቀይ ቅርጫት ይገባሉ። አሁን ልብ ማለት የሚገባው የሙሽራዋ እናት ምን እንደምታደርግ ነው። ቅርጫቶቹን ባዶ አትመልስም። ከኮኮናቱ፣ ከኬኩና ከፍሬው ከፊሉን መልሳ ትጨምርበታለች፤ ከገንዘቡም ላይ ቀንሳ በሌላ ፖስታ ትመልሳለች፤ ለሙሽራው ጫማ ወይም ቀበቶ ታክላለች። ሁሉን ጠቅልሎ ማስቀረት ልጅን እንደመሸጥ ይቆጠራል።

ዋናው መልስ ግን ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትወጣው ጓዝ ነበር። በዤጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ኒንግሃይ በምትባል ወረዳ፣ ለዚህ ጓዝ ብቻ የተቋቋመ ሙዚየም አለ፤ ስሙ «የዐሥር ሊ ቀይ ጓዝ» ነው። አንድ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስሙ የሚናገረው አምስት ኪሎ ሜትር ስለተዘረጋ የተሸካሚ ሰልፍ ነው። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የመስተዋት ሣጥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ የስፌት ሙዳዩ ሁሉ ቀይ ላክ ተቀብቶና ወርቅ ተለብጦ፣ ጎረቤት እያየና እየቆጠረ ያልፍ ነበር። ከሁሉ መካከል የማይቀረው ቀይ የተቀባ የእንጨት ፖፖ ነው። ሲወጣ ቀይ የተቀባ እንቁላልና ቴምር ይሞላበታል፤ መውለድን መመኘት ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ960 እስከ 1279) ሴቲቱ ባሏ ቢሞት ወይም ብትፈታ ይህን ጓዝ ይዛ የመውጣት መብት ነበራት። በኋለኞቹ ዘመናት ሕጉ ይህን መብቷን አጠበበው።

ፌይ ሺያዎቶንግ፣ የቻይና ሶሲዮሎጂ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ በ1936 በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ካይሺያንጎንግ መንደር ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ አጥንቷል። በ1939 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የታዘበውን ሲገልጽ፣ የሙሽራዋ ወላጆች የተቀበሉትን ጥሎሽ ቢያንስ በዚያው ልክ ከራሳቸው ጨምረው በጓዝ መልክ ይመልሱ እንደነበር ጽፏል። እንግዲያው ጥሎሹ በሴቲቱ አባት ኪስ አይቀርም ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች አዋጥተው አዲስ ጎጆ ያቋቁሙበት ነበር። የሐር ዋጋ ሲወድቅና ገበሬው ይህን ማዋጣት ሲያቅተው ግን፣ ሌላ ሰው የወለዳትን ሕፃን ሴት ልጅ ወስዶ ለወንድ ልጁ ማሳደግ ተበራከተ። የሠርግ ወጪ የማይጠይቅ መንገድ ነበርና። የእነዚያ ልጆች ኑሮ መራራ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ሕግ ወጣ። የ1950ው የጋብቻ ሕግ በጋብቻ ሰበብ ገንዘብ ወይም ንብረት መጠየቅን ከለከለ። ልማዱ ግን አልሞተም፤ ልብሱን ለወጠ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝና አበባ የተሣለበት ሳፋ በቂ ነበሩ። በ1970ዎቹ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው አራት ዕቃዎች መጡ። «ሦስት የሚሽከረከሩና አንድ ድምፅ ያለው» ይባሉ ነበር፤ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓትና ሬዲዮ ናቸው። የሻንጋይ የእጅ ሰዓት 120 ዩዋን ያወጣ ነበር፤ የሠራተኛ ደመወዝ በወር ከ30 እስከ 40 ዩዋን በነበረበት ዘመን። ገንዘቡ ቢኖርም ኩፖን ከሌለ ዕቃው አይገዛም። የሳሎንና የመኝታ ቤት ዕቃ ደግሞ በእግሩ ይቆጠር ነበር፤ ሠላሳ ስድስት እግር የሞላ ሙሽራ ቤቱ ተሟላ ይባልለታል። አልጋው አራት፣ ጠረጴዛው አራት፣ ወንበሩ አራት እያለ ነው የሚደመረው። በ1980ዎቹ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦታውን ያዙ።

እስከዚህ ድረስ የሚገባው ዕቃ ዞሮ ዞሮ ሙሽሮቹ ቤት ያርፍ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ዕቃውን ሲተካ መልኩ ተለወጠ። ገንዘቡም የራሱን ሥርዓት ይዞ መጣ። በአንዳንድ አካባቢዎች 10,001 ዩዋን ይሰጣል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆንም «ከዐሥር ሺህ መካከል የተመረጠች» ማለት ነው። በሌሎች ዘንድ ባለ 100 ዩዋን ኖቶች በሚዛን ይመዘናሉ፤ ሦስት ጂን ከሦስት ሊያንግ፣ ማለትም 1.65 ኪሎ ግራም፣ መሙላት አለባቸው። ይህ ወደ 140 ሺህ ዩዋን ይጠጋል። ሌላ ቦታ ደግሞ በቀለም ነው፦ ዐሥር ሺህ ሐምራዊ ባለ 5 ኖት፣ አንድ ሺህ ቀይ ባለ 100 ኖት፣ ከዚያም ላይ አረንጓዴ ባለ 50 ኖቶች እንደ አቅም ይጨመራሉ። ባለ 50ዎቹ ሳይቆጠሩ 150 ሺህ ዩዋን ነው። በዚህ ላይ «አንድ የሚንቀሳቀስና አንድ የማይንቀሳቀስ» ይጠየቃል፤ መኪናና ቤት ማለት ነው። ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ይህ የብዙ ዓመት ላብ ነው፤ ልጃቸውን ድረው ዕዳ የሚከፍሉ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ምክንያቱን በሙሽሮች ስግብግብነት የሚያሳብብ ሰው ቁጥሩን አላየም። በ1980 የተጀመረው የአንድ ልጅ ፖሊሲ እስከ 2015 መጨረሻ ጸንቷል። ወንድ ልጅ የሚፈልገው ቤተሰብ ብዙ ነበር፤ አልትራሳውንድ ሲስፋፋ ሴት ጽንስ ማስወረድ በረከተ። በ2004 ለ100 ሴት ልጆች 121 ያህል ወንዶች ይወለዱ ነበር። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ወንዶች ከሴቶች በ34.9 ሚሊዮን በልጠው ተገኙ። በገጠር ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል፤ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማ ሄደው እዚያው ያገባሉ፣ ወንዱ ከተራራማው መንደር ይቀራል። ከቬትናምና ከምያንማር ሴቶችን እያታለሉ የሚሸጡ ደላሎች የበለፀጉት በዚህ ክፍተት ነው። ሻንግ ጂን ዌይና ሺያዎቦ ዣንግ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ1990 እስከ 2007 በቻይና የቤተሰብ ቁጠባ ካደገው ግማሽ ያህሉ በዚህ የፆታ መዛባት ሊብራራ እንደሚችል አሳይተዋል። ወንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ለትዳር ፉክክሩ እየቆጠበ ነበር።

መልሱ የተቋረጠውም እዚህ ላይ ነው። ወንድና ሴት ልጅ ያለው አባት ለሴቷ የተቀበለውን ጥሎሽ ለወንዱ ጥሎሽ ያውለዋል። ገንዘቡ ወደ አዲሱ ጎጆ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሌላ ሙሽራ አባት ይሻገራል፤ ሴቲቱ ባዶ እጇን ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ ቤት ትገባለች። ይህ ሲሆን ጥሎሹ በእርግጥም ዋጋ ሆኗል እላለሁ። በሺያጂያ የታየው ግን የተለየ ነው። ያን በኋለኛው ጥናቱ እንደጻፈው፣ እዚያ ሙሽራዋ ራሷ ተደራዳሪ ሆናለች፤ ጥሎሹ በጥሬ ገንዘብ በእጇ ይሰጣታል፣ እርሷም ወደ አዲሱ ቤቷ ይዛው ትገባለች። እጮኛዋም ብዙ ጠይቂ ብሎ ያበረታታታል፤ የሁለቱ መቋቋሚያ ነውና። ሸክሙ የወደቀው በሙሽራው ወላጆች ላይ ነው። ሁለቱ ዓይነት ጥሎሽ በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የመንግሥት ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ልዩነት ነው። በ2023 መጀመሪያ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር የአንዲት አነስተኛ ከተማ ባለሥልጣናት ያላገቡ ሴቶችን ሰብስበው ከፍ ያለ ጥሎሽ አንጠይቅም ብለው እንዲፈርሙ አድርገዋል። ገንዘቡን የሚወስደው አባት፣ ቃል የምትገባው ልጅ፤ ይህ ፍትሕ አይደለም።

ፍርድ ቤቶቹ የተሻለ ሠርተዋል። የቻይና ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤት ከየካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ ዳኛው ገንዘቡ የት እንደገባ እንዲመረምር ያዝዛል። ጥንዶቹ ምን ያህል አብረው ኖሩ? ልጅ ወልደዋል? ጥሎሹ ለጋራ ኑሮ ዋለ ወይስ አልዋለም? በሕግ ተጋብተው አብረው የኖሩ ከሆነ በመሠረቱ አይመለስም፤ ጊዜው አጭር፣ ገንዘቡ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ግን ከፊሉ ሊመለስ ይችላል። በልደት ወይም በበዓል የተሰጠ ትንሽ ስጦታ ጥሎሽ አይባልም። ወላጆችም በክርክሩ ተካፋይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰጪዎቹና ተቀባዮቹ እነርሱ ናቸውና። በ2013 ከ13 ሚሊዮን በላይ ጋብቻ በተመዘገበባት አገር በ2024 የተመዘገበው 6.1 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ጥሎሽ ብቻ ባይሆንም፣ የወጣቱን ልብ ከሚያሸሹት አንዱ መሆኑ አያከራክርም።

ከቻይናውያን ጋር የሚሠራ፣ ለንግድ ወደ ጓንግዡ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ጥቂት አይደለም፤ የሠርግ ጥሪ ቢደርስዎ ጥቂት ነገር ይያዙ። ፖስታው ቀይ፣ ኖቶቹ አዲስ፣ ቁጥሩ ተጋማሽ ይሁን፤ አራት አይግባበት። ምን ያህል መስጠት እንደሚገባ የሥራ ባልደረባዎን ይጠይቁ፤ መጠኑ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። በሁለት እጅዎ ያቅርቡ። ጫፉ ታጥፎ ከተመለሰልዎ አይከፉ። ከሁሉ በላይ ግን ስምዎን በፖስታው ጀርባ ላይ ይጻፉ፤ ስም ከሌለው ደብተሩ ላይ በማን እንደሚያሰፍሩት አያውቁም፣ የእርስዎ ድግስ ሲደርስም ብድርዎን የሚመልሱበት መንገድ አይኖራቸውም።